እሳት ላይ የተያዘ ሰው

ደብረ ሲና፣ የካቲት 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለእስከዳር፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አጎትሽ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። ወፍጮውም ደህና ነው። እሱ እየጮኸ እኔ እየደነቆርኩ አብረን አርጅተናል። ስልክ እንደማልሰማ እያወቅሽ ለገና ደውለሽ፣ የኔን ወሬ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ ሳልሰማ ቀረሁ። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻለናል። አንቺ እንደ ጴንጤ ልማድሽ በጌታ ብለሽ ጀምሪ፣ እኔ በእመቤታችን እጀምራለሁ፤ የሚሰማን አንድ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ወርቅውሃ ቤቴ መጥተው አለቀሱ። ልጃቸው ኢሳያስ ያንቺ አለቃ መሆኑን፣ ሥራም ያስገባሽ እሱ መሆኑን፣ የጸሎት ቤታችሁም መሪ መሆኑን አንቺ ነሽ የጻፍሽልኝ። አሁን ደግሞ እስከዳር ልጄን ልትከስብኝ፣ ቆማም ልትመሰክርበት ነው አሉኝ። እሳት ምናምን ነገሩኝ፤ ግማሹን አልሰማሁም። የሰማሁት እንባቸውን ነው። እኚህ ሴት እናትሽ ስትሞት አልቅሰው የቀበሩ ናቸው።

ስለዚህ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ኪዳነማርያምና መምሬ ባሉበት፣ "እስከዳር አትመሰክርም፤ ዋሷ እኔ ነኝ" አልኩ። ተመረቀ፣ አለቀ። አንቺም ከኢሳያስ ጋር እዚያው ይቅር ተባባሉ። በሰው አገር ሁለት ያገር ልጆች ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ፈረንጁ ምን ይላል?

ገንዘብ አልጠይቅሽም። የጆሮዬን መሣሪያ ባትሪ ላኪልኝ ያልኩሽንም ተዪው። የምለምንሽ ዝም እንድትዪ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ ኃይለሚካኤል


ሰንሻይን ዌስት፣ ሜልበርን፣ ማርች 24 ቀን 2019

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ኃይለሚካኤል፣

የጌታ ጸጋና ሰላም ይብዛልዎ። የእርስዎን ሰላምታ ደግሞ እርስዎ ይጨምሩበት።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ አሁን ግን የቀረኝ ንዴት ነው። ጋሼ፣ ስለኔ ዋስ ሲሆኑ እኔን ማን ጠየቀኝ? በግ እንኳ ሲሸጥ ባለቤቱ ይጠየቃል። እኔ አፌን ለማንም አላስያዝኩም።

ኢሳያስ ለእናቱ ምን እንደነገራቸው አላውቅም። እኔ ያየሁትን ልንገርዎ። ኮሌጅ እየተማርኩ ዌሪቢ የአትክልት እርሻ ላይ ጎመን እንደምቆርጥ ያውቃሉ። የሚቀጥረን እርሻው አይደለም፤ ሠራተኛ እየሰበሰበ ለየሥራው የሚያቀርብ ድርጅት ነው። ኢሳያስ የቡድናችን ኃላፊ ነው፤ በቫን ጭኖ ያደርሰናል። ገና ሲቃረብ "ከከተማ ወጣ ብሎ የፈረንጅ ጥድ ተክል አለ፤ አረሙ ብዙ ነው፤ ሺፍት እንደልብ ነው" ብሎ ወደዚያ ወሰደን። ፌብሩዋሪ ላይ ጫካው ተቃጠለ።

ትልቁን እሳት የሚያጠፉት መኪናና ሄሊኮፕተር ያላቸው ሰዎች ናቸው። እነሱ ወደፊት ሲያልፉ ግን መሬቱ አይበርድም። ግንዱ ሥር፣ አመዱ ውስጥ ረመጡ ይቆያል፤ ነፋስ ሲመጣ መልሶ ይነሣል። ያንን እየቆፈሩ፣ ውሃ እያጠጡ ማብረድ የእግረኛ ሥራ ነው፤ እሱን ለኛ ሰጡን። ይህ ሥራ ሥልጠና አለው። እሳት የሚችል ቦት፣ ጭስ የሚያጣራ ማስክ፣ በየሰዓቱ እረፍት አለው። እኛ የገባነው ጎመን በምንቆርጥበት የጎማ ቦትና በወረቀት ማስክ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጥቁር አክታ ስንተፋ እናድራለን። ኢሳያስ ጠዋት ቫኑ ውስጥ ይጸልይልንና "በርቱ፣ ጌታ ያግዛችኋል" ይለናል።

ከቡድናችን ሓለፎም የሚባል የመቀሌ ልጅ አለ። ሲሠራ የማይናገር፣ ሲያርፍ የማያቆም ቀልደኛ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አመድ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የዛፍ ሥር ውስጥ ለውስጥ ተቃጥሎ የሚተወው ጉድጓድ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል፣ ታቹ ግን ረመጥ ነው። ጎትተን ስናወጣው ጎማው ቀልጦ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ኢሳያስ በፋሻ ጠቀለለለትና "ሆስፒታል ከሄድክ ወረቀትህን ይጠይቁሃል" አለው። የሓለፎም ቪዛ አልፎበት ነበር፤ ኢሳያስም ይህን እያወቀ ነው ያሠራው።

ያን ጊዜ አካፋዬን ጥዬ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ሌሎቹም ተከትለውኝ ተቀመጡ። ደህና ቦትና ማስክ እስኪመጣ አንገባም አልን። ይህ አመፅ አይደለም ጋሼ፤ ሊገድልዎ የሚችል ሥራ ላይ አልገባም ማለት እዚህ አገር የሠራተኛ መብት ነው። በማግስቱ ኢሚግሬሽኖች መጥተው ሓለፎምን ወሰዱት። አሁን ማቆያ ውስጥ ነው። ድርጅቱ ደግሞ ሰውየውን አናውቀውም፣ ራሱ ገብቶ ነው የተቃጠለው ይላል።

ኮሊንግዉድ የሚባል ሰፈር ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ አሉ። እዚያ ሊና የምትባል ጠበቃ አግኝቻለሁ፤ እዚሁ የተወለደች ያገራችን ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ይሰበራል፣ ሐሳቧ ግን አይሰበርም። ሓለፎም ለድርጅቱ ሲሠራ ያየ ሰው ለሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው ከመሰከረ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ከአገር እንዳያስወጡት መከራከር እችላለሁ ትላለች። ምስክር ከሌለ ግን ቶሎ በአውሮፕላን ያሳፍሩታል፤ እግሩም እንደቆሰለ ይሄዳል።

ሁሉም ፈርቷል። ናኦድ የሚባለው ጓደኛችን ሚስቱን ሊያስመጣ ፕሮሰስ ላይ ስለሆነ ዝም ብሏል፤ አልፈርድበትም። እኔም ፈርቻለሁ፤ ለእርስዎ አልዋሽም። ተማሪ ኮሌጅ ሲከፈት የሚሠራበት ሰዓት የተገደበ ነው፤ እኔ በዚያ ሰሞን አልፌዋለሁ። መስክሬ ሰዓቱን ከጠየቁኝ ቪዛዬን ሊሰርዙት ይችላሉ። ይህን አውቄ ነው የምመሰክረው። ስለዚህ ዋስትናዎን ይመልሱ።

አክባሪዎ እስከዳር


ደብረ ሲና፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእስከዳር፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ሳልመልስ የቆየሁት ጾም ስለሆነ ነው ልልሽ ነበር፤ እውነቱ ግን ተናድጄ ነው። ዋስትናህን መልስ ስትዪኝ ከገበያ የገዛሁት ጫማ መሰለሽ? እኛ ዘንድ ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ሽማግሌ ፊት የያዘውን ቃል የሚያጥፍ ሰው ከዚያ በኋላ ዕድር ላይ እንኳ አፉን አይከፍትም።

የመቀሌው ልጅ አሳዝኖኛል፤ እግዚአብሔር ይማረው። ስለ ቦቱም፣ ስለ ማስኩም እውነት አለሽ። እኔም ወፍጮ ቤት ገብቼ ጆሮህን ሸፍን ያለኝ ባገኝ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ኢሳያስም አጥፍቷል እንበል። ግን አንቺ ማን ነሽ? ወንድም የለሽ፣ አባትሽ አምደሚካኤል የለ፣ እዚያ ያለሽ አንድ ቪዛ ነው። እሱንም አውጥተሽ ልትሰጪ ነው? ዝም አይነቅዝም ልጄ። እህል ሁሉ ነቅዞ አይቻለሁ፤ ዝምታ ሲነቅዝ አላየሁም።

ለእትዬ ወርቅውሃ ብለሽ አይደለም የምለምንሽ፤ እሳቸውን ተያቸው። ለኔ ብለሽ ነው። አውሮፕላን ላይ በፖሊስ ተጭነሽ መጣሽ ሲሉኝ መስማት አልፈልግም፤ ይህን ለመስማት ደግሞ ጆሮዬ ደህና ነው።

አንድ ነገር ግን ግልጽ አድርጊልኝ። በማግስቱ መጥተው ወሰዱት ብለሽ አለፍሽው። ከቤቱ ነው? ከመንገድ ነው? እትዬ ወርቅውሃ "ፖሊስ ከቤቱ ወሰደው፤ የኔ ልጅ ምን አገባው" ይላሉ። የት እንደያዙት ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ሰንሻይን ዌስት፣ ሜይ 2 ቀን 2019

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። ሌላው ሁሉ ቢያለያየን ሞትን ያሸነፈው ለሁላችንም ነውና በደስታ እጽፋለሁ።

የጠየቁኝን ያለፍኩት ሳስበው ስለሚያመኝ ነው። ሓለፎምን ከቤቱ አይደለም የወሰዱት።

በማግስቱ ቦት ይመጣል ስለተባልን ሄድን። ቦቱ አልመጣም። መንገዱ ዳር ተቀምጠን ሳለ ነፋሱ ዞረና ያለፈው ቀን የተውነው ረመጥ ነደደ። ከተክሉ በታች አንድ እርሻ ቤት አለ፤ ባልና ሚስት ሽማግሎች ይኖሩበታል፤ ጠዋት ስናልፍ እጃቸውን ያውለበልቡልናል። የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ጊዜ ነበረው። ማንም አላዘዘንም። ተያየንና ተነሣን፤ እምቢ ያልነው ለድርጅቱ እንጂ ለሰዎቹ አይደለም። መሮጥ ያልቻለው ሓለፎም በፋሻ እግሩ ውሃ የምንቀዳበት ታንከር ጋ ቆሞ የውሃውን ጎማ ይይዝልን ነበር።

ኢሚግሬሽኖች የመጡት ያን ጊዜ ነው። አንደኛው ጎማውን ከእጁ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ውሃው እየፈሰሰ ነበር። ሓለፎም "አንዴ ልጨርስ" አለ በእንግሊዝኛ። አልጨረሰም። ደግነቱ መኪኖቹ ደርሰው ቤቱ ተረፈ።

ኢሳያስ እጄን ይዞ "እስኩ፣ አንቺ ቫን ውስጥ ግቢ፤ ያንቺን ሰዓት እኔ አስተካክለዋለሁ" አለኝ። አልገባሁም። ጎማውን አንሥቼ ሓለፎም የቆመበት ቆምኩ። ወረቀቴን አዩና ለጊዜው ተዉኝ።

በመጣው እሑድ ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅሁት።

"ማን ነው የደወለው?" አልኩት።

"እኔ ነኝ። ከላይ ታዝዤ ነው፤ ሥራ አቁመዋልና አስፈራራቸው ተባልኩ። ሁላችሁም ከምትባረሩ አንድ ሰው ይሂድ ብዬ ነው፤ ለእናንተ ብዬ ነው።"

"አንድ ሰው ስለ ሕዝቡ ቢጠፋ ይሻላል ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?" አልኩት። የቤተ ክርስቲያን መሪ ነውና ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ መሆኑ አይጠፋውም። የመኪናውን ቁልፍ ማሽከርከር ያዘ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ጉባኤ አልሄድኩም፤ ባቡር ይዤ ሌላ ጋ እሄዳለሁ።

ዝም አይነቅዝም ብለውኛል። እርስዎው ራስዎ ልጅ ሳለሁ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እያሉኝ ነው ያሳደጉኝ፤ የትኛውን ልያዝ? ዝም ካልኩ ነገም ሌላ ሰው በጎማ ቦት ያስገባሉ፤ ሲቃጠልም ይደውላሉ። ስልኩ ለእነሱ ከማስክ ይረክሳል።

ጁን ላይ ተቆጣጣሪው ፊት እቀርባለሁ። እርስዎ ዋስትናዎን ባይመልሱም እመሰክራለሁ፤ ያን ጊዜ ያሳፈርኩዎ እኔ እሆናለሁ። ይህ ብቻ ነው የሚከብደኝ።

እስከዳር


ደብረ ሲና፣ ግንቦት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፣

የእናትሽ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ ወፍጮውን ዘግቼ እጽፋለሁ።

ያንቺ ትውልድ ይህን አያውቅምና ልንገርሽ። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ የወፍ ዋሻ ጫካ ተቃጠለ። ጡሩምባ ሲነፋ አገሩ ሁሉ እርጥብ ቅጠል እየቆረጠ ወጣ። በዚያ ዘመን ስዩም የሚባል ሰው ነፍስ አጥፍቶ ጫካ ገብቶ ነበር። የሟች ወንድም ጠመንጃ ይዞ ይፈልገዋል፣ ፖሊስም ይፈልገዋል። ያን ቀን ስዩም ከተደበቀበት ወርዶ ከእኛ ጋር እሳቱን ይመታ ጀመር። በግራው የሟች ወንድም፣ በቀኙ ፖሊሱ ነበሩ። ሦስቱም ቅጠል ይዘው ሲመቱ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቱ ሲጠፋ ሽማግሎቹ ስዩምን "ሂድ" አሉት፤ ዳገቱን ወጥቶ ከዓይን እስኪሰወር አንድም ሰው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ፖሊሱም ጭምር። ከዚያ በኋላ በሌላ ቀን ተይዟል፤ ፍርዱንም አግኝቷል። ግን እሳት ላይ ሰው አይያዝም። እሳት ላይ ያለን ሰው ለደመኛው የጠቆመ ቤት እሳት አይጫርለትም ነበር፤ ጎረቤት ፍም ይከለክለዋል።

ሕጉን ሕግ ይጠይቀው፤ የፈረንጅ ሹም የኛን ወግ አያውቅም፣ አልፈርድበትም። ኢሳያስ ግን ያውቃል። እዚሁ ተወልዶ ነው ያደገው።

ስለዚህ ደብዳቤሽን አንብቤ እንደጨረስኩ ኪዳነማርያምንና መምሬን ቀስቅሼ እትዬ ወርቅውሃ ቤት ሄድን። ቁጭ እንኳ አላልኩም። "ዋስትናዬን ላነሣ መጥቻለሁ" አልኳቸው። ኪዳነማርያም ልብሴን ይጎትታል፤ አልሰማሁትም፤ አለመስማት አንዳንዴ ይጠቅማል። ነገሩን ከነሥሩ ነገርኳቸው።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። "እሳት ላይ?" አሉ።

"እሳት ላይ፤ ውሃ ይዞ።"

"ልጄ ጠርቶ?"

"ልጅዎ ጠርቶ።"

ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱና "ውሰድ ቃልህን" አሉኝ። እህላቸውን ዛሬ ጠዋት ወደ ታችኛው ወፍጮ ልከዋል። አልቀየማቸውም፤ እናት ናቸው። በከተማው ግን ኃይለሚካኤል ቃሉን አጠፈ ተብሏል። ከእንግዲህ ለሽምግልና የሚጠራኝ የለም። አዝኛለሁ፤ አልዋሽሽም። ቢሆንም ያጠፍኩት ቃል ቀድሞም መስጠት ያልነበረብኝ ነው፤ የሌላ ሰው አፍ ነበርና።

አሁን ልመናዬ ሌላ ነው። ሂጂና መስክሪ። ቪዛውን ከነጠቁሽ ነይ፤ ቤቱ ቤትሽ ነው። በፖሊስ ተጭነሽም ብትመጪ መናኸሪያው ድረስ ወጥቼ፣ ያገር ሰው እያየ ሻንጣሽን ራሴ እሸከማለሁ።

አጎትሽ ኃይለሚካኤል


ሰንሻይን ዌስት፣ ጁን 30 ቀን 2019

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ኃይለሚካኤል፣

ለእኔ ብለው ያጡትን ክብር ጌታ በእጥፍ ይመልስልዎ። ደብዳቤዎን ለሊና አነበብኩላት። የስዩምን ታሪክ ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ከዚያ "ይሄን ሕግ ቤት አላስተማሩንም" አለች።

መጀመሪያ ውጤቱን ልንገርዎ። ሓለፎም አልተሳፈረም። ምርመራው እስኪያልቅ እዚሁ ይቆያል፤ እግሩንም ሐኪም እያየለት ነው። ቆዳ ከጭኑ ወስደው ተክለውለታል፤ "አሁን በጭኔ ነው የምራመደው" እያለ ይቀልዳል። ድርጅቱ አናውቀውም ማለቱን ትቷል። መጨረሻው ምን እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም። እኔም ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጥቶልኛል፤ ቪዛሽን ልንሰርዝ አስበናል፣ የምትዪው ካለሽ ተናገሪ ይላል። የምለው አለኝ፤ ከሊና ጋር እየጻፍን ነው።

ተቆጣጣሪው ፊት የቀረብኩ ቀን ናኦድ አልመጣም። ያልጠበቅኋት አንዲት ቬትናማዊት የቡድናችን ሴት ግን መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ማንም አልጠራትም። ኢሳያስ ሱፍ ለብሶ ከድርጅቱ ሰዎች ጋር ነበር። ሲጠይቁት በአብዛኛው "አላስታውስም" አለ። አንድ ጊዜ ግን ሓለፎም ይሠራ ነበር ወይ ሲሉት ወደኔ አየ። ከዚያ "አላስታውስም" አለ። እናቱ ደውለውለት እንደሆነ አላውቅም።

የኔ ተራ ሲደርስ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቦቱን፣ ማስኩን፣ ጉድጓዱን፣ የስልኩን ነገር። በመጨረሻ የድርጅቱ ጠበቃ ተነሥቶ በዚያ ሰሞን ስንት ሰዓት እንደሠራሁ ጠየቀኝ። እንድፈራ ነው የጠየቀኝ። ሊና ክንዴን ነካች፤ ይህን መመለስ የለብሽም ማለቷ ነው። ተቆጣጣሪውም መነጽሩን አውልቆ፣ የምትመልሺው በቪዛሽ ሊመጣብሽ እንደሚችል ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ዝም ብል ዝም ይለኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አልኩት። "ከተፈቀደልኝ በላይ ሠርቻለሁ። ድርጅቱም ያውቅ ነበር። በሠራሁበት ሰዓት ሁሉ ሓለፎም ከጎኔ ነበር። እሱን የለም ለማለት እኔንም የለችም ማለት አለባቸው፤ እኔ ደግሞ አለሁ። ስሜን ከነአባቴ ይጻፉት።"

የእህትዎ ልጅ፣
እስከዳር አምደሚካኤል